ለአባቴ እግር የተቀመጠ ውሃ

ዘንድሮ በጥር፣ በከተራ ዕለት፣ በረዶ ይጥላል ተብሎ፣ አሜሪካ ኖርክሮስ ባለው አፓርታማችን መኪና ማቆሚያ ላይ፣ እንዳያንሸራትት ጨው ተበተነ። በሩን ስከፍት የርጥብ ጨው ሽታ ገባ። አባቴ ተከትለውኝ ወጡና አንዲት ፍሬ አንስተው በምላሳቸው ነካ አደረጓት።

«አባባ፣ አትብላው እንጂ! ለፓርኪንጉ ነው» አለቻቸው ልጄ።

«ይመራል» ብለው ተፉት። «እኛ እንዲህ ያለ ጨው ብናወጣ ኖሮ አለቃችን ባሕር ይጨምረን ነበር።»

ያደግሁት አሰብ ነው። አባቴ ከጨው ማምረቻው ሠራተኞች አንዱ ነበሩ፤ የባሕሩ ውሃ በሰፋፊ ገንዳዎች ተኝቶ፣ ፀሐይ መጥጦት ጨዉ ሲቀር፣ በአካፋ እየዛቁ ይከምሩ ነበር። ደጋው ዝናብ በሚጠግብበት ክረምት እኛ ጋ እሳት ይነድ ስለነበር እግራቸው ይሰነጠቃል፤ ጥር ገብቶ ሙቀቱ ሲበርድም አይድንም ነበር። የሚጠጣ ውሃ በቦቴ ይመጣልን ነበርና፣ እናቴ አንዲት ትንሽ ጀሪካን ለእግራቸው ብቻ ታስቀምጥ ነበር። በዚያ ውሃ ጨዉን ሳያጥቡ ከተኙ ስንጥቁ ሲያቃጥላቸው ያድራል፣ ጠዋትም መቆም ያቅታቸዋል።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ በከተራ ዕለት፣ ነጭ ቀሚሴን በዚያ ውሃ አጠብሁት። በጨዋማው የጉድጓድ ውሃ የታጠበ ልብስ እንደ ካርቶን ይደርቅ ነበር፤ ጓደኞቼም «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ቦቴው ከበዓሉ በፊት አይመለስም። አባቴ ከሥራ ሲገቡ ጀሪካኗ ባዶ ነበረች። እናቴ ልትመታኝ እጇን ስታነሳ፣ «ተያት፣ በዓል ነው» አሉና እግራቸውን በጨርቅ ጠርገው ተኙ። በማግስቱ ታቦቱን እልል እያልን ስንሸኝ የአባቴ ቦታ ባዶ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አደግሁ።

ዘንድሮ ግን፣ ጨዉን ቀምሰው ሲገቡ፣ ሻይ አቀረብሁላቸውና «አባባ፣ ስለዚያ ውሃ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«የትኛው ውሃ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ፈገግ አሉ። «ታቦቱ በደጃችን ሲያልፍ በመስኮት አይቼሽ ነበር እኮ። ከልጆቹ ሁሉ የነጣው ያንቺ ቀሚስ ነበር። እግዜር ይቅር ይበልሽ።»

እዚህ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ አለ፤ ተመስገን። ግን ያኔ ያቺ ጀሪካን ስትሞላ ቤታችን ደስ ይለው የነበረውን ያህል፣ የዛሬው ቤቴ ደስ ብሎት አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ቀዳሁ፤ ተንበርክኬ የአባቴን እግር አጠብሁ፤ ካልሲ አደረግሁላቸው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ክንዳቸውን ይዤ ታቦቱን አብረን ተከተልን።