«ደረቱ ተነስቷል»

ደረቱ ተነስቶ ነበር ወይስ አልተነሳም? ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅኩ። ዛሬ ጠዋት ለነርሲንግ ተማሪዎቼ የመጣውን አዲስ የመለማመጃ አሻንጉሊት ከካርቶኑ ሳወጣ፣ ያ የጎማና የዱቄት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ጥያቄው ተመልሶ መጣ። «አትንገሩኝ፣ አሳዩኝ» እያልኩ ልጆቹን ለምን እንደማስጨንቃቸው ጠይቀሽኝ ነበር። ልንገርሽ።

የነርሲንግ ኮሌጃችን ካዛንቺስ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ስገባ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። ከዚያ በፊት ቀን ቀን ለገሃር ጨርቅ እየሸጥኩ፣ ማታ ማታ እየተማርኩ ነው አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት። አብረውኝ የሚማሩት ገና ልጆች ስለነበሩ «እትዬ» ይሉኛል። መጽሐፍ ይዤ ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ ፈተና ሲደርስ ደብተሬን ይሻማሉ።

ልምምድ የምናደርግባት ክፍል ጠባብ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛውን የአራስ ልጅ አሻንጉሊት ፊቱን ቢጫ ታደርገዋለች። ከታች የታክሲ ረዳቶች «ስታዲየም! ለገሃር!» ይጮሃሉ። የኬኩ ሽታ ከጎማው ሽታ ጋር ይደባለቃል። አሻንጉሊቱን «አቡሽ» ነበር የምንለው። ሳይተነፍስ የተወለደን ልጅ ማዳን የምንማረው በእሱ ነው። ጭንቅላቱን ቀና ታደርጊያለሽ፣ አፍና አፍንጫው ላይ ጭንብሉን ትደፍኛለሽ፣ ከጭንብሉ ጋር የተያያዘውን የጎማ ፊኛ ትጨምቂያለሽ፣ ከዚያ ደረቱን ታያለሽ። አየሩ ከገባ ይነሳል፤ ካልገባ አይነሳም። ነገሩ ሁሉ ያ ነው።

የአቡሽ ደረት ግን ተነስቶ አያውቅም። ሳንባ ተብላ ውስጡ የተቀመጠችው ከረጢት ተቀድዳለች።

የመጀመሪያው ቀን ጨመቅኩ፤ ምንም የለም። ጭንብሉን አስተካክዬ ደግሜ ጨመቅኩ። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ደረቱ አይነሳም» አልኳቸው መምህርታችንን።

«አውቃለሁ። ተነስቷል በይና እለፊ።»

«አልተነሳም እኮ።»

«እትዬ፣ አታካብጂ በቃ!» አለች አንዷ ከኋላ። «አቡሽ እንደሆነ ከፋብሪካው ሲወጣ ነው የሞተው!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህርቷም ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅኩ፤ ይህን አልደብቅሽም።

የፈተናው ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሳጥን አለው። መምህርቷ በአፋችን ያልነውን እየሰሙ ራይት ያደርጋሉ። ክፍሉ ውስጥ ውሃ የለም፤ «እጄን ታጥቤያለሁ» እንላለን፣ ራይት። «ጓንት አጥልቄያለሁ»፣ ራይት። «ደረቱ ተነስቷል»፣ ራይት። ጨርቅ ስለካ ግማሽ ጣት የማላጎድል ሴት፣ ያንን ውሸት እንደ ዳዊት ደገምኩት። ውሎ አድሮ ዓይኔ ወደ ደረቱ መሄዱን ተወ። እጄ ሲጨምቅ አፌ በራሱ ይናገራል። አንድም ሳጥን ሳይጎድልብኝ አለፍኩ። መምህርቷ ወረቀቴን ለክፍሉ እያሳዩ «ከእትዬ ተማሩ» አሉ።

ከዚያ ቂርቆስ ውስጥ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለተግባር ልምምድ ሄድኩ። አዋላጇ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ እጇ ግን ፈጣን ነው፣ ስታዋልድ አታወራም። አንድ ረፋድ ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። ዝም ብሎ ተወለደ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ። እናትየዋን ደግሞ ደም አጥለቀለቃት። አዋላጇ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያላት። ልጁን በጨርቅ ጠርጋ ፊቴ አስተኛችውና «አንቺ አየር ስጪው» ብላኝ ወደ እናትየዋ ዞረች።

ጭንብሉን ደፈንኩ። ጨመቅኩ።

«ደረቱስ?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ደረቱ ተነስቷል።»

ድምፄ እንኳ የፈተና ድምፅ ነበር። አየሁት? እጄ ሲጨምቅ ጨርቁ ተነቃንቆ ይሆን? ወይስ ጭራሽ አላየሁም? እዚህ ስደርስ ትዝታዬ ውስጥ የማገኘው ቃሉን ብቻ ነው።

እሷ አመነችኝ። እናትየዋ «ለምን አያለቅስም? ልጄ ለምን አያለቅስም?» ትላለች። እኔ እጨምቃለሁ። አዋላጇ ደሙን አስቁማ መጣችና ፊኛውን ከእጄ ወሰደች። የልጁን አገጭ በሁለት ጣቷ ሳብ አድርጋ አንዴ ጨመቀች። ደረቱ ብድግ አለ። ደረት ሲነሳ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ። ደጋግማ ጨመቀች፣ ደጋግሞ ተነሳ። የልቡ ምት ግን አልተመለሰም።

በኋላ ኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን ያዘችኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ አንዳንዱ እንዲህ ነው። የሚደረገው ሁሉ ተደርጎለታል።» መዝገቡ ላይም እንደዚያው ጻፈችው። እናትየዋ ስትወጣ፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። «ደክመሽለታል፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ። ከዚያ ቃል የከበደ ስድብ እስከ ዛሬ ማንም ሰድቦኝ አያውቅም።

ያንን ለማንም አልተናገርኩም። ኮሌጁ ውስጥ ስህተቱን የተናገረ ይወድቃል፣ ዝም ያለ ይመረቃል። ከፈተናው ሳጥኖች በላይ ጠንቅቀን የተማርነው ትምህርት ያ ነበር። ተመረቅኩ፣ ተቀጠርኩ፣ እጄም ሥራውን ለመደ። ስንቱ በእጄ ስር አልቅሷል! አንዱም ግን የዚያን ልጅ ዝምታ አላስረሳኝም። ያ የኮሌጁ ፎቅ እንኳ ዛሬ ፈርሷል፣ ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል። በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ብዙ ዓመት አልፎ ደምበል አካባቢ አንድ አዳራሽ ውስጥ ለሥልጠና ተጠራን። ገብቼ ስቀመጥ የቀድሞ መምህርቴ ፊት ለፊቴ አሉ፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ እሳቸውም ሊሠለጥኑ መጥተዋል። አሠልጣኙ አሻንጉሊቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛና «እዚህ የተባለ አይቆጠርም፣ የተሠራ ብቻ ነው» አለ። «እዚህ ተሳሳቱ። ስህተቱ እዚህ ይቅር፣ እናትየዋ ፊት እንዳይሆን።» ይህንን ለማለት ምን ያስፈልግ ነበር? ገንዘብ አይጠይቅ፣ መብራት አይጠይቅ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ብሎልኝ ቢሆን!

ተራዬ ሲደርስ ጨመቅኩ። አሠልጣኙ ሆን ብሎ የአየሩን መንገድ ዘግቶት ኖሯል፤ ደረቱ አልተነሳም። አፌ የድሮውን ሊል ተከፈተ። ዘጋሁት።

«አልተነሳም» አልኩ።

«ጎበዝ! እና ምን ታስተካክያለሽ?»

ጎበዝ አለኝ። አልተነሳም ስላልኩ።

ስንጨርስ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ ያደረግነውን ያለ ወቀሳ የምንነጋገርበት ሰዓት ነው። «አፍሽን ከፍተሽ የዘጋሽ ጊዜ ምን እያሰብሽ ነበር?» አለኝ አሠልጣኙ። ነገርኩት። አቡሽን፣ ሳጥኖቹን፣ የቂርቆሱን ልጅ፣ «ደክመሽለታል» ያለችኝን እናት። ስናገር የማየው እሱን አልነበረም፤ መምህርቴን ነበር። ይቅር በይኝ እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ከረጢቷ መቀደዷን አመልክቼ ነበር። የኮሌጁ ኃላፊዎች ለማሳያ ይበቃል አሉኝ» አሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ባትቀደድስ ምን ላሳይሽ ነበር? እኔንም በቃል ነው ያስተማሩኝ። አንድ ቀንም ደረት በእጄ አንስቼ አላውቅም።»

ይቅርታ አላሉኝም። ምሬቴም በዚያ ቀን አልወጣም፣ ዛሬም አለ። ሰው ሁሉ ለሻይ ሲወጣ እሳቸው ወደ ጠረጴዛው ሄደው ቆሙ።

«ነይ እስቲ፣ አሳይኝ።»

ጣታቸውን ይዤ ከአገጩ ስር አስቀመጥኩላቸው። እጃቸው ቀዝቅዟል። ጭንብሉን ደፈንን። ጨመቁ። ደረቱ ተነሳ፣ ወረደ። ደግመው ጨመቁ፣ ተነሳ።

ሁለታችንም አጎንብሰን አየን።