አንደኛ ደረጃ፣ ፖዘቲቭ

ሀረገወይን ሳን ሆዜ ባለ አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ሁልጊዜ በከፊል እንቅልፍ ላይ ነበረች። የማድረቂያው ሙቀት ዓይኗን ያከብደዋል፤ አንሶላው ጉም ይመስላል፤ እጇ ብቻውን ያጥፋል። መቼስ ሌላው ሰው ሥራ ላይ ያልበዋል፣ እሷ ታልማለች። የምታልመውም አንድ ነገር ነው፦ ካርቱም፣ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ታላቅ እህቷ ውብዳር።

ለአሜሪካ ጉዞ የተመዘገቡት አብረው ነበር። ምርመራው ላይ ውብዳር የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባትና «ፖዘቲቭ ናት፣ ትቆይ» ተባለ። ሀረገወይን በረረች፤ ውብዳር እዚያው ካርቱም ከአጥሩ ወዲያ ቀርታ፣ ሳይሻላት አረፈች። ከዚያ ወዲህ ሀረገወይን ያንን ቃል በሰማች ቁጥር አጥሩ ይታያታል።

እንግዲህ የፈሩት ይደርሳል ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1986 ጡቷ ላይ የወጣውን እብጠት ቆርጠው አወጡና ውጤቱን ልትሰማ ሄደች። አስተርጓሚዋ ኦክላንድ ታክሲ የሚነዳው የአክስቷ ልጅ አምሐ ነበር። ዶክተሯ ብዙ ተናገረች፤ አምሐ አሳጠረው።

«እትዬ፣ ካንሰሩ ግሬድ ዋን ነው፣ አንደኛ ደረጃ። የሆርሞን ሬሴፕተሩ ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። የሚውጡት ክኒን ሰጥተውዎታል።»

ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር፤ የእውነት ደስ ብሎት ነው።

እሷ ግን የሰማችው ሌላ ነው። ቅቤው አንደኛ ደረጃ ነው፣ በርበሬው አንደኛ ደረጃ ነው ሲባል ከሱ በላይ የለም ማለት አይደል? በሽታውም እንደዚያው። በዚያ ላይ ፖዘቲቭ! ፈገግታውንም አላመነችው፤ የሀገር ሰው በሽተኛ ፊት መች እውነቱን ይናገርና! አልጠየቀችም፣ አላለቀሰችም። ፈራች እንጂ፣ በጣም ፈራች። ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ውብዳር ላውንድሪው ድረስ ትመጣ ጀመር፤ በአንሶላዎቹ መሀል ቆማ በእጇ ትጠራታለች።

በወሩ ለቀጠሮ ሲመለሱ ዶክተሯ ክኒኑ ተስማምቷት እንደሆነ ጠየቀች። ሀረገወይን ወደ አምሐ ዞረች።

«አልጀመርኩትም። ለሚድን ሰው ስጡት በላት። እኔን የያዘኝ እንደሁ አንደኛ ደረጃው ነው።»

አምሐ ክው አለ። ቃሉን አቀብሎ ትርጉሙን ሳያቀብል እንደቀረ ያን ጊዜ ገባው።

«እትዬ፣ በእመብርሃን ይስሙኝ። ደረጃው የክፋቱ መጠን ነው። አንድ ገራሙ ነው፣ ክፉው ሦስት። ፖዘቲቭ ማለት ደግሞ ካንሰሩ ሆርሞን የሚሰማበት ጆሮ አለው ማለት ነው፤ ክኒኑ ያንን ጆሮ ይደፍነዋል። ኔጋቲቭ ቢሆን ኖሮ ክኒኑ እምብዛም አይረዳዎትም ነበር።»

ሀረገወይን ወደ ዶክተሯ፣ ከዚያም ወደ እሱ አየች።

«ይሄኛው ፖዘቲቭ… ሰው አያስቀርም?»

«ይሄኛው አያስቀርም።»

በማግስቱ ክኒኗን ውጣ ሥራ ገባች። ማድረቂያው ይሞቃል፣ ዓይኗ ከበደ፣ አጥሩም መጣ። እንደ ልማዷ ወደ ውብዳር መራመድ ጀመረች። ውብዳር ግን አልጠራቻትም፤ መዳፏን ዘርግታ አቆመቻት።

«ፖዘቲቭ ነሽ እኮ» አለቻት። «ሂጂ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥሽ።»

ሀረገወይን ትኩሱን አንሶላ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ አጠፈችው።