ደረቁ የውሃ ጎማ

ልጄ የሆስፒታል አትክልተኛ ነው። ሴት ልጁ እዚያው ታማ ከተኛች ወዲህ፣ የጥየቃ ሰዓት ሲያልፍ መስኮቷ ሥር ያለውን ሣር ውሃ እያጠጣ ያመሽ ነበር። ሥራ የሌለውን ሰው ዘበኛው ያስወጣዋላ!

"አባዬ፣ ጫማህን አጠጣኸው እኮ!" እያለች ከላይ ትስቅበታለች።

ሙቀቱ ሲበረታ ሣሩ ክብ ክብ እየሠራ ቢጫ ሆነ። ልጄ አንድ ጭብጥ ሳብ ቢያደርግ እንደ ዋዛ ተነቀለለት፤ ሥሩ ጠቁሮ በስብሷል። ፈንገስ ነው። ማታ የጠጣ ሣር ረጥቦ ስለሚያድር ለዚህ በሽታ እንደሚጋለጥ ለሰው ሁሉ የሚናገረው እሱ ራሱ ነበር።

"እማዬ፣ በገዛ እጄ ገደልኩት" አለኝ።

"ታዲያ ማታ ማጠጣቱን ተወዋ።"

"እሷስ? ምን ብዬ ልቁም?"

መሬቱን በሹል ብረት ወጋግቶ አየር አስገባለት፤ ሣሩን አሳጥሮ ማጨዱን ተወ፤ ውሃውንም አፈሩ ሲደርቅ፣ ጠዋት ብቻ አደረገው። ሲመሽ ግን ቧንቧውን ሳይከፍት ጎማውን ይዞ ይቆም ጀመር።

"አባዬ፣ ውሃው የታለ?"

"ሣሩ ጠግቧል፣ የኔ እናት። አንቺን አይቼ ያልጠገብኩት እኔ ነኝ።"

ሣሩ ማገገም ሲጀምር የልጅ ልጄ አረፈች።

አሁን አዲሱ ሥር ነጭ ነው፤ መስኩም ለምልሟል። በዚያ መስኮት በኩል ሌላ በሽተኛ ተኝቷል። ልጄ ዛሬም ሲመሽ ደረቁን ጎማ ይዞ እዚያው ይቆማል። ዘበኛው አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፤ እኔም እራቱን ከድኜ እጠብቀዋለሁ።