ቀዳዳ የሌለው ካብ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ደባርቅ ተቀምጦ ባሕር ያየ ስንት ሰው አለ? የባዮሎጂ አስተማሪ ብሆንም ባሕር ለእኔ መጽሐፍ ላይ ያለች ደብዛዛ ሥዕል ነበረች። ቤቴ ውስጥ ግን ለዓመታት ትንንሽ የወንዝ ዓሦች በመስታወት ሣጥን አረባ ነበር። ይህን የሰማ፣ ፓርኩ ውስጥ ገደል አፋፍ ላይ ያለ የቡይት ራስ ሎጅ ባለቤት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ለእንግዳ መቀበያው ትልቅ አኳሪየም አስመጥቷል፤ በከረጢት ከሚመጣ ጨው የባሕር ውኃ አዘጋጅቼ፣ ድንጋዩንም ልክ እንደ ባሕር ወለል አስመስዬ እንዳሰናዳለት ለመነኝ።

ዓሣ አውቃለሁ፤ ድንጋይ ግን አላውቅም። ድንጋይ የሚያውቁት ዳባት ያሉት አባቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንበኛ ነበሩ። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ደርድረው የሚክቡት ካብ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይገኝበትም፤ ትንሿን ቀዳዳ ሁሉ በሽራፊ ይወትፏታል። "ቀዳዳ ካለው ሥራው አላለቀም" ይላሉ። ከእናቴ ጋር የሚጨቃጨቁትም በዚሁ ነበር። ወፍ በግቢያችን ካብ ውስጥ ጎጆ ልትሠራ ሣር ማመላለስ ስትጀምር እናቴ፣ "አንቱ ሰው፣ ይተዉዋት እንጂ! አንዲት ቀዳዳ ምን ትጎዳዎታለች?" ትላቸዋለች። በማግስቱ ቀዳዳዋ ተወትፋ ትገኛለች።

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ድንጋይ አልነኩም። መዶሻቸው አልጋ ሥር ገባ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሱና ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ያ ድንጋይ የለመደ እጅ ጭናቸው ላይ ሥራ ፈቷል። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራውን የተቀበልኩት ለዓሦቹ ብዬ አልነበረም።

"አባባ፣ ለዓሣ ቤት ይሥሩልኝ" አልኳቸው።

"ደግሞ ዓሣ ቤት ያስፈልገዋል?" ብለው ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ከፓርኩ ጠጠር ማንሳት ክልክል ስለሆነ ከማሳቸው ጥግ የተቦረቦረ ጥቁር ድንጋይ መርጠን፣ አጥበን፣ በሚኒባስ ጫንን። ረዳቱ "መምህርት፣ ደባርቅ ድንጋይ ጠፋ እንዴ?" እያለ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሲያሾፍብን ሄደ።

ሎጁ ስንደርስ አባቴ ወገባቸውን ታጠቁ። እኔ ውጭ አሸዋ ሳጥብ ውዬ ስገባ ጨርሰው ጠበቁኝ። ደነገጥኩ። ከመስታወት እስከ መስታወት የተዘረጋ፣ ጫፉ እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው፣ እጅግ ያማረ ካብ! ለዓሣ ግን የወህኒ ቤት ግድግዳ ነው። የባሕር ዓሣ የሚሸሸግበት ዋሻ፣ ውኃ የሚዘዋወርበት ክፍተት ይፈልጋል። ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ስህተት ነው ካልኳቸው መዶሻው ተመልሶ አልጋ ሥር ሲገባ ታየኝ።

"እጅዎ ይባረክ" አልኩ። ፈሪ ነኝ።

ውኃው እስኪረጋ ሳምንታት ጠበቅን። ከዚያ ሁለት ዓሦች ከአዲስ አበባ መጡ፤ ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ፣ በብርቱካናማ ገላቸው ላይ ነጭ መቀነት የታጠቁ። ውኃው ውስጥ ለቀቅናቸው። በዚህ በብርድ አገር እንዲህ ያለ ቀለም! ዓሦቹ ግን ካቡን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ከቃኙት በኋላ ጥግ ላይ ከመስታወቱ ተለጥፈው ቀሩ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነቃነቁም። ሥራቸውን ሊያዩ የመጡት አባቴ ወንበር ስበው ሲያዩዋቸው ዋሉ።

"ልጄ፣ ምን ሆነው ነው?"

"መሸሸጊያ አጥተው ነው፣ አባባ። ቀዳዳ ይፈልጋሉ።"

"ታውቂ ኖሯል?"

"አዎ።"

ተነሥተው ወጡ። አበቃ አልኩ። ተከትያቸው ስወጣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ገደሉ እርከን በእርከን ወርዶ ወርዶ ከታች ጉም ውስጥ ይጠፋል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ለማደር አንድ በአንድ እየተንጠላጠሉ ወደ ስንጥቁ ይወርዳሉ፤ ወፎቹ በየሽንቁሩ ይገባሉ። ባለቤት የሌለው ቀዳዳ አልነበረም።

"ይሄን የሠራ ግንበኛ አንድ ሽራፊ አልወተፈም" አሉ አባቴ ቀስ ብለው። "ነይ፣ እናፍርሰው።"

ዓሦቹን በባልዲ አወጣን። አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ውኃው ውስጥ አስገቡ። ያወጡትን ሽራፊ ሁሉ መዳፌ ላይ ያስቀምጣሉ። ትልልቆቹን በግራ በኩል ከፍ አድርገው፣ ከኋላው መስታወት አርቀው፣ ወደ ቀኝ እየቀነሱ እንደ ገደሉ በእርከን አወረዷቸው። ከሥር ዋሻ ተዉ። በቀኝ በኩል ባዶ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ድንጋይ። ገደሉን መስታወት ውስጥ አስገቡት!

ዓሦቹን መለስናቸው። አንዱ ወደ ዋሻው አፍ ተጠጋ፤ አፈገፈገ፤ ገባ። ሁለተኛው ተከተለው። ጥቂት ቆይቶ በላይኛው ቀዳዳ ሁለት ትንንሽ ፊቶች ብቅ አሉ። አባቴ ቆባቸውን አወለቁ። "እግዚኦ" ብቻ አሉ። እኔ አለቀስኩ። ባሕር ማለት ይህ ከሆነ አየሁት።

በሳምንቱ ዳባት ስሄድ አባቴ ደጃፍ ላይ የሉም። ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ስዞር ግቢያችን ካብ ሥር ቆመዋል። ወፏ በየዓመቱ ሣር ታመላልስበት ከነበረው ቦታ አንድ ሽራፊ ተነቅሎ መሬት ላይ ወድቋል።

"አሁንም ትመጣ ይሆን?" አሉኝ።

"ትመጣለች፣ አባባ።"

"እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ ለመነችኝ" አሉ፣ እጃቸውን ከቀዳዳው ሳያወጡ።