እትዬ ቲርዛና ከበጎቻቸው ሜዳ በላይ የተኛው ቦምብ ጣይ

በፈረንጅ አቆጣጠር የ1943 ሚያዝያ ብርዱ አልለቅ ብሎን ነበር። በረዶው በድንጋይ ካቡ ጥግ ጥግ ቆሽሾ ተጋግሯል፣ ጣታችን ተሰነጣጥቋል፤ በጎቹ ግን ወራቸው ነውና መውለድ ጀመሩ። ዛሬም የእርጥብ ጠጉር ሽታ ሲመጣብኝ ያ ሚያዝያ ትዝ ይለኛል።

ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ቲርዛ ሬይን ባላቸውን ቀብረው፣ ስኬልሪግ በሚባለው ተራራችን ላይ ሁለት መቶ በግ ለብቻቸው የሚጠብቁ ቀጭን ሴት ነበሩ። አንድ ማለዳ የኛው ጦር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከጭጋጉ ወጥቶ፣ በሆዱ እየተንሸራተተ ከሜዳቸው በላይ ተኛ። ውስጡ የነበሩት ሰባቱም ሰዎች ተርፈዋል። እትዬ ቲርዛ በወተት ጣሳ ሻይ ይዘውላቸው ወጡና መጀመሪያ ተቆጧቸው፤ "በጎቼን አስደነበራችሁብኝ!"

እግሩ የተሰበረው፣ ከአውሮፕላኑ ጅራት መትረየስ የሚተኩሰው፣ ዴንዚል የሚሉት፣ በረዶ የዘጋው መንገድ ለአምቡላንስ እስኪከፈት እሳቸው ቤት ተኛ። የአውሮፕላኑን ታሪክ የሰማነው ከሱ ነው።

"ሃያ ስድስት ጊዜ ወስዳ መልሳናለች" አለ። "ክንፏ ተቀይሯል፣ ጅራቷ የሌላ ነው። አሁንም ከአራቱ ሁለት ሞተር ጠፍቶባት ነው የመጣችው።"

"ታዲያ ከራሷ ምን ቀራት?" አሉ እትዬ ቲርዛ።

"ግትርነቷ፣ እማማ።"

"እንግዲያው እንግባባለን" አሉ።

በሦስተኛው ቀን አንድ መኮንን ወታደሮችና ትራክተር አስከትሎ መጣ። ደህናዎቹ ሁለት ሞተሮች ለሌላ አውሮፕላን በአስቸኳይ ይፈለጋሉ። አጭሩ መንገድ በጎቹ በሚወልዱበት ሜዳ ነው። እትዬ ቲርዛ የሜዳውን የካብ በር ዘግተው ተደገፉት።

"ጦርነት ላይ ነን እኮ፣ እመቤቴ!"

"አውቃለሁ፣ ስኳር ካየሁ ሰነበትኩ። ከዚህ ሜዳ በላይ፣ ተራራው ላይ አጥር አለ?"

"የለም።"

"በጎቼ ለምን አይጠፉም? ግልገል አገሩን ከናቱ ይማራል። ዛሬ ከበተንካቸው የዘንድሮው ግልገል አገር አይኖረውም።"

"መንግሥት ሌላ ይገዛልዎታል።"

"የተገዛ በግ በማግስቱ ተመልሶ ገበያው ላይ ነው የምታገኘው! ያንተ ሞተር እግር የለውም፣ ይጠብቃል።"

"በሩን አሰብረዋለሁ።"

"ስበራ! መጀመሪያ ግን እኔን ነው የምታነሳው።"

ከቤቱ መስኮት ዴንዚል ጮኸ፦ "ጌታዬ፣ የማገዶው አፈር በምን እንደሚወርድ ይጠይቋቸው!"

ከተራራው ቆርጠን፣ አድርቀን የምናነደውን ጥቁር የማገዶ አፈር የምናወርደው ከሜዳው ጀርባ ባለው መንገድ፣ ፈረስ በሚጎትተው የእንጨት ተንሸራታች ነው። በጎቹ ከተወለዱ ጀምሮ ያውቁታል። መኮንኑ ጥርሱን ነክሶ እሺ አለ። ሞተሮቹን ፈታቷቸው፤ ስምንት ቀን እትዬ ቲርዛ ባዝራቸውን እየመሩ፣ ወታደሮቹ ከኋላ ገመድ ይዘው አወረዷቸው። አንዲት በግ እንኳ ቀና አላለችም። ሞተሮቹ በግንቦት ሌላ አውሮፕላን ላይ ሆነው በረሩ፤ ዴንዚል ጽፎላቸዋል። ከክንፉ የቀረው ቆርቆሮ የግልገሎች መጠለያ ጣራ ሆነ።

ሃያ አምስት ዓመት አለፈ፤ የእትዬ ቲርዛ ዳሌ እምቢ አለ፣ እርሻው ለሽያጭ ቀረበ። ገዢው መንጋውን ሊቀይር ሲያስብ፣ እሳቸው በጎቹ ከመሬቱ እንዳይለዩ በውሉ ካልተጻፈ አልፈርምም አሉ። ተጻፈ።

በጎቹ ቀሩ፣ እሳቸው ወደ ከተማ ወረዱ። መጨረሻ የማውቀው፣ በ1968 ጥቅምት ዳርሊንግተን፣ የወንድማቸው ልጅ ቤት፣ ምድር ቤት፣ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል እንደነበሩ ነው።