በተራ የተነበበው የድንች መጽሐፍ

ሁለተኛ ዓመት ስጨርስ የእኛ የዕፅዋት ሳይንስ ክፍል ከጉደር ግቢ ወደ አምቦ ግቢ ተዛወረ። ዩኒቨርሲቲው ያው፣ ትምህርቱም ያው፤ መንገዱ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ክሊራንስ ሲሞላ ግን አገር ለቅቄ የምሰደድ ነው የሚመስለው። ካፌው ፈረመ፣ ፕሮክተሯ ፍራሼን ገልብጣ አይታ ፈረመች፣ ኳስ ነክቼ የማላውቀዋ እኔ ስፖርት ክፍልም ሄጄ አስፈረምኩ። ቤተ መጻሕፍት ስደርስ ኃላፊው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣

«የድንች በሽታ የሚለው መጽሐፍ አልተመለሰም» አሉኝ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። ዓርብ አምቦ ካልተመዘገብኩ ዓመቱ ያልፈኛል። መጽሐፉ ደግሞ አገሬ ጎጆ ከተማ፣ አባቴ ዘንድ ነው። ለዕረፍት ስሄድ ይዤው ሄጄ፣ እሱ እጅ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ጎጆ ደረስኩ። አባቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው በጠመኔ ነው።

«አባዬ፣ መጽሐፉ የታለ?»

«ሥራ ላይ ነው» አለኝ ኩራት ብሎ።

ለካ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ገበሬዎቹን ሰብስቦ እንግሊዝኛውን በኦሮምኛ ይተረጉምላቸው ነበር። ማንም እንዳይቀየም ደግሞ መጽሐፉ እንደ ዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት፣ በየሳምንቱ በየቤቱ በተራ ያድራል። አንዲት ቃል የማያነቡ ሰዎች ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያሳድሩታል! የዚያ ሳምንት ባለተራ ሽማግሌ ሣጥናቸው ላይ ተቀምጠው አልነሣም አሉ።

«ኦቦ ባርሲሳ፣» አሉት አባቴን፣ አቶ መምህር ለማለት፣ «ተራዬ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል። ይሄ ፍርድ ነው?»

እስኪመሽ ለምነን ተቀበልናቸው። አባቴ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ዓርብ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ለብሶ አብሮኝ ተሳፈረ።

መኪናው ውስጥ መጽሐፉን ገለጥኩት። ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። ኤክስ አለ፣ ራይት አለ፣ «ግልጽ አይደለም» አለ። አመድ የድንች በሽታን ይከላከላል የሚለው ገጽ ላይ «ውሸት! ጎጆ መጥተው ይዩ» ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለደራሲው ውጤት ተሰጥቶታል፦ 7/10፣ ጥረት ይቀረዋል።

«አባዬ! የመንግሥት መጽሐፍ ላይ!»

«ስህተት እያየሁ ዝም ልበል?»

ልገባበት የቸኮልኩትን ግቢ አጥር በመስኮት እያየሁ አምቦን አልፌ ጉደር ወረድኩ። ኃላፊው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ገለጡት። ማልቀስ አማረኝ።

«ማን ነው ያረመው?»

አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«ይሄ ውሸት ያሉት… ስለ አመዱ ነው? እኔም ጓሮዬ ሞክሬው አልሠራልኝም።»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! ስለ ዘር፣ ስለ ውርጭ፣ ስለ ጎጆ አፈር ወሬው ደራ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ሰዓቱን አያለሁ። ባስል ባስል፣ ክፍል እንደሚረብሽ ልጅ ሁለቱም ገላመጡኝ። በመጨረሻ ኃላፊው ፈረሙና «ሁለተኛ በእስክሪብቶ እንዳይሆን» ብለው አስጠነቀቁት። አምቦ የደረስነው የሬጅስትራሩ መስኮት ሊዘጋ ሲል ነው። የመጨረሻዋ ተመዝጋቢ ሆንኩ።

መናኸሪያ ስሸኘው አዲሱን መታወቂያዬን እያገላበጠ አየው።

«በዚህ ስንት መጽሐፍ ይሰጣሉ?»

«ሦስት።»

«ኢንተላ ኮ፣» አለኝ፣ ልጄ ለማለት፣ «ላንቺ ሁለት አይበቃሽም?»

ሳቄ መጣ። እዚያው ካለ ሱቅ እርሳስ ገዛሁለት። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛው መጽሐፍ ሁልጊዜ ወደ ጎጆ ይወጣል፤ ታርሞ፣ ውጤት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ እኔም ላጲሴን ይዤ እጠብቃለሁ።

አራተኛ ዓመት ጨርሼ ልመረቅ ስል እንደገና ክሊራንስ መጣ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን መጽሐፍ እርማት እየረገምኩ በላጲስ ሳጠፋ ዋልኩ። የኋላው ገጽ ላይ 9/10 ይላል፤ አጠፋሁት። ከሥሩ ግን፣ ተማሪዎቹ ፈተና ወረቀት ላይ እንደሚጽፉት፣ በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሕፈቱ አባቴ ሙሉ ስሙን ጽፏል። ቀጥሎ፦ ክፍል፣ ዕፅዋት ሳይንስ። ዓመት፣ ሦስተኛ። ከድንቹ መጽሐፍ ጀምሮ ሲቆጠር፣ ለእሱ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

እንባዬ መጣ። ላጲሱን አስቀመጥኩና መጽሐፉን ከነስሙ መለስኩት።