ይቅርታ አልቀበልም ያለው በግ ሸላች

ክሊፍ ሄስኬዝን የከተማችን የዋሪንዳ ሰው ሁሉ የሚጠራው "ፖሚ" እያለ ነው። በዚህ አገር ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ወደደም ጠላም ይህችን የፌዝ ስም ይሸከማታል። ክሊፍ የግማሹን ወረዳ በግ ሸልቶ፣ ሦስት ልጆች ድሮ፣ አነጋገሩም ከእኛ ከተወላጆቹ የባሰ ጎታታ ሆኖ እንኳ ስሙ አልለቀቀውም። እሱ ግን አይከፋውም። ሽለታው ወገቡን አጉብጦታል እንጂ ምላሱን አልነካበትም፤ ለተረበው ሁሉ ሁለት አድርጎ ይመልሳል።

ከቀልዶቹ ሁሉ አውራው ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣ የሚያወራው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበት ክለብ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንድ ሁለት ቢራ ከጠጣ በኋላ ይጀምራል።

"እንግሊዝ አገር የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነበርን። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ጌታ መጣና፣ 'ብርቱካን በመስኮት እጅ ዘርግቶ ወደሚቀጠፍበት፣ ትምህርት ቤት በካንጋሮ ጀርባ ወደሚኬድበት አገር መሄድ የሚፈልግ ማነው?' አለ። እጄን አነሳሁ። ጠመንጃ የደገነብኝ የለም፤ ካንጋሮውን ፈልጌ ነው።"

"ታዲያ ካንጋሮው የት ደረሰ?" ይለዋል ጓደኛው ቨርን፣ መልሱን እንደ ጸሎት ሸምድዶት ሳለ።

"ካንጋሮውስ ነበር፤ ልኩ የሆነ ኮርቻ ጠፋ እንጂ።"

ክለቡ ይስቃል፤ ቨርንም ሌላ ቢራ ይጋብዘዋል። ከመርከቡ ከወረደ በኋላ ስላደገበት የእርሻ ትምህርት ቤት ግን ክሊፍ ትንፍሽ አይልም። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ስሚንቶ አቡክተው፣ ድንጋይ ተሸክመው የገዛ ማደሪያቸውን እንደገነቡ የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ግሌኒስ ብቻ ናቸው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። ይህ እንኳ ለበሬ የተባለ ነው፤ ጥጃን እንዲህ ብሎ የሚወቅስ የለም።

ከሁሉም በላይ አጥብቆ የደበቀው ግን ሌላ ነበር። ያን ቀን ቀኝ እጁን ይዛው የነበረችው እህቱ ኤድና ናት። ሦስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ማሳደጊያ ከገቡ ጀምሮ ከጎኑ ተለይታ አታውቅም። እሱ እንደሚያስታውሰው፣ እጁን ወደ ላይ ያነሳው ከእጇ መንጭቆ ነው። እሱ ተሳፈረ፤ እሷ ቀረች። "ትቻት የሄድኩት እኔ ነኝ" ይላል ለግሌኒስ፣ ያን ሲል ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ይጠፋል። አንድም ቀን ያላፈላለጋት በዚህ ምክንያት ነው። ምን ብሎ ፊቷ ይቆማል?

የዚህ አገር መንግሥት እንደ ክሊፍ በልጅነታቸው ከእንግሊዝ ማሳደጊያዎች በመርከብ የተወሰዱትን ሁሉ በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀ ዕለት፣ ዋሪንዳ በሙሉ ክለቡ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ገና "አዝናለሁ" ከማለታቸው የሰው ዐይን በሙሉ ክሊፍ ላይ አረፈ። እሱ ብድግ ብሎ ቢራ ሊቀዳ ሄደ።

"ወዴት ነው?" አለው ቨርን። "ላንተ እኮ ነው የሚናገሩት።"

"ለተገደዱት ነው። እኔ እጄን አንስቻለሁ። የሰው ይቅርታ አልወስድም።"

ቆይቶ የእንግሊዝ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። ከብዙ ዓመታት በኋላም ካሳ እከፍላለሁ አለ። የክሊፍ መልስ ያው ነበር። እኔ በበኩሌ ሐቀኝነት እንዲህ ሲያሳብድ ሌላ ቦታ አላየሁም።

"ገንዘቡን ውሰድና ይህን የሚያፈስ ጣራ እንቀይር" አለችው ግሌኒስ።

"በሌባ ገንዘብ ጣራ አይቀየርም።"

"ሌባው ደግሞ ማነው?"

"ሳይገደድ ተገደድኩ የሚል።"

ግሌኒስ ወደ ዶሮዎቿ ሄደች። ዶሮዎቹ ቢያንስ ሲነግሯቸው ይሰማሉ ትላለች።

በዚህ ላይ ሳሉ አንድ ጠዋት ስልክ ጮኸ። ያነሳችው ግሌኒስ ነበረች።

"የክሊፎርድ እህት ነኝ፣ ኤድና" አለች አንዲት ሴት ከወዲያኛው ጫፍ። "ስንት መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንቼ ነው ስልካችሁን ያገኘሁት። ሞቷል እንዳትይኝ። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ሰዎቹ ደግሞ ገንዘብ አይመልሱም።"

ክሊፍ ከግሌኒስ ጋር ሊቀበላት ወደ ትልቁ ከተማ ወደ ፐርዝ ሲሄድ አዲስ ሸሚዝ ለበሰ። ኮሌታው ላይ የቀረችው ስፒል መንገዱን ሁሉ አንገቱን ስትወጋው አላወጣትም። ሲያንሰኝ ነው ብሎ ነው መሰለኝ። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አንዲት ድንቡሽቡሽ ያለች አሮጊት ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ ቀና ብላም ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ፀሐዩ አክስሎሃል" አለችው።

"አንቺም አጥረሻል" አላት።

ከዚያ ተቃቀፉ። ግሌኒስ ሻንጣውን መኪና ላይ ጭና ስትመለስም አልተላቀቁም።

እንግድነቷ በሳቅና በእሰጥ አገባ ጀመረ። ኤድና ዝንቡን ትረግማለች፣ ሙቀቱን ትረግማለች፣ ክሊፍ ያፈላውን ሻይ "ይህ የበግ ማጠቢያ ነው" ብላ ትደፋዋለች። ክሊፍም "አንቺንም ካንጋሮ ትጋልቢያለሽ ብለው አታለው አመጡሽ?" ይላታል። ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም አያነሱም። እሱ ማታ ማታ እነግራታለሁ እያለ፣ ጠዋት ሲሆን ወኔው ይከዳዋል። መሄጃዋ ሲቃረብ ግን ሦስቱም በረንዳ ላይ አተር እየፈለፈሉ ሳለ፣ ጭንቁ በዛበትና አወጣው።

"ኤድና፣ ያ ባለባርኔጣ የመጣ ቀን እጄን ከእጅሽ መንጭቄ ነው ያነሳሁት። ትቼሽ ነው የሄድኩት። ይቅር በይኝ።"

ኤድና የያዘችውን አተር አስቀመጠች።

"ምን ትቀባጥራለህ? እጅህን ያነሳሁት እኔ ነኝ።"

"ኧረ እኔ ነኝ።"

"እኔ ነኝ እልሃለሁ። ሁለታችንንም የሚወስዱን መስሎኝ እጅህን እንደያዝኩ ከእጄ ጋር አነሳሁት። በኋላ ደረቴን አዳመጡና 'ይህችስ ሳል አለባት' ብለው አንተን ብቻ ወሰዱ። ወንድሜን በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጠሁ እያልኩ ነው ያረጀሁት።"

"ትዝ ይለኛል እኮ። ካንጋሮውን የፈለግኩት እኔ ነኝ።"

"አፍንጫህን መጥረግ የማታውቅ ልጅ ነበርክ፤ ምን ትዝ ይልሃል? ብርቱካኑን የጎመጀሁት እኔ ነኝ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው አልኩሽ።"

"ጥፋቴን አትቀማኝ።"

ሰው ጥፋቱን ሌላው ላይ ለመለጠፍ ሲጣላ አይተናል። እነዚህ ሁለቱ ግን እንደ ርስት ይሻሙበት ጀመር። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፤ ኤድና ተነስታ ቆመች፤ እሱም ወገቡን ይዞ ተነሳ። ግሌኒስ የአተሩን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገችው።

"በቃችሁ። ማን እንዳነሳው ለኔ ምንም አይደለም። ለመሆኑ የጠየቃችሁ ማነው?"

ሁለቱም ወደሷ ዞሩ።

"ትልቅ ሰው ነው የጠየቃችሁ" አለች ግሌኒስ። "ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? የሚጠየቀው ወላጁ ነበር።"

"እናታችንንማ ማን ጠየቃት" አለች ኤድና ቀስ ብላ እየተቀመጠች። "ሥራ እስክታገኝ ነበር እዚያ ያስቀመጠችን። ልትወስደን ስትመጣ አንተ ባሕር ላይ ነበርክ፤ እኔን ብቻ ይዛ ቤት ገባች።"

ክሊፍም ወንበሩ ላይ ተመለሰ። እዚህ ለሱ የነገሩት እናቱ ከመሳፈሩ በፊት እንደሞተች ነበር። ሕይወቱን ሙሉ ያን እጅ ሲያነሳ የሚታየው አንድ ራሱን የቻለ፣ የሚያደርገውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አሁን ግን ቁመቱ ስንት እንደነበር ማሰብ ጀመረ።

"አምስት ዓመቴ እኮ ነበር" አለ፣ ገና ዛሬ እንደሰማ ሁሉ።

"አልሞላህም" አለች ኤድና። "አምስት የሞላህ መርከቡ ላይ ነው። እናታችን ያን ቀን ቤት ውስጥ ኬክ ጋገረችልህ። ማናችንም ልንቆርሰው አልቻልንም።"

ያኔ ክሊፍ አለቀሰ። ግሌኒስ በአርባ ምናምን ዓመት ትዳራቸው ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበርና የምታደርገው ጠፍቷት አጠገቡ ቆመች። ለቅሶው ሲወጣለት ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

"እንግዲያው ይቅርታውን እቀበለዋለሁ" አለ። "ለኔ አይደለም። ያ ልጅ ግን ይቅርታ ሊጠየቅ ይገባዋል።"